የጁሙዓ ማስታወሻ፦ አሳልፈው ያልሰጡት እንግዳ

 

ሐዋሳ ያደገ ሙስሊም ወጣት አንድ ክርክር ሳይገጥመው አይቀርም። ጎረቤቱ ኦርቶዶክስ ነው፣ የክፍል ጓደኛው ፕሮቴስታንት ነው፣ እሱ ሙስሊም ነው። ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ አንዱ ስለ ሥላሴ ያነሳል። ከዐስር ሶላት በኋላ ነፋስ ለመቀበል ፍቅር ሐይቅ የወጡ ጓደኛሞች በጨዋታ የጀመሩትን በኩርፊያ ይጨርሱታል። ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፊት ለፊት የማንናገረውን ቃል እንጽፋለን፣ ያላጣራነውን ታሪክ ሼር እናደርጋለን።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ያለን እምነት ግልጽ ነው፤ ተውሒድ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ግን እሱን ለማስረዳት አይደለም። ክርስቲያኖች ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ስለተከፋፈሉበት ዘመን፣ የዚያም እሳት አክሱም ድረስ መጥቶ ሊበላው ስለነበረ አንድ ሰው ነው። ስሙ ፍሬምናጦስ ይባላል። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያሉ ያከብሩታል፤ በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን ያስቡታል። ታሪኩ መጨረሻው ላይ ወደ እኛው ቤት፣ ወደ ነጃሺ ደጃፍ ይወስደናልና እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ታሪኩ ከማን ተገኘ? የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የጣልያን አገር ካህን ነው። ከ400 ጥቂት ዓመታት አልፎ ነው የጻፈው። ሩፊኖስ እንደሚለው ነገሩን የሰማው አብሮ ከነበረው ሰው አፍ ነው። እኛ ኢስናድ እንደምንለው ዓይነት አጭር ሰንሰለት ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ዛሬ ሊባኖስ በምትባለው አገር ባለችው በጢሮስ ከተማ፣ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ይኖር ነበር። ዓለምን ማየት ፈለገና በመርከብ ተነሳ። ሁለት ልጆች አስከተለ፤ ዘመዶቹም ተማሪዎቹም ናቸው። አንዱ ፍሬምናጦስ ነው፣ ሌላው ኤዴስዮስ። ሲመለሱ መርከቧ ውኃና ስንቅ ለመያዝ የቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደብ ያዘች። ባልጠበቁት ሰዓት ነበር። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ቂም ይዘዋል። መርከቧን ወረሩ። ሜሮጵዮስም አብረውት የነበሩትም ሁሉ ተገደሉ።

ሁለቱ ልጆች ግን መርከቧ ላይ አልነበሩም። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች አዘኑላቸው፣ ሳይገድሏቸውም ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

እስቲ አስቡት። ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ መምህራቸው ሞቷል፣ ቋንቋውን አያውቁም፤ የወሰዷቸው ሰዎች ደግሞ ዘመዳቸውን የገደሉት ናቸው። ከእንዲህ ያለ ልጅ ምን ይጠበቃል?

ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይና አእምሮው ንቁ ሆኖ ስላገኘው ሒሳቡንና ጽሕፈቱን ሰጠው። ዓመታት አለፉ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው። አገራቸው ለመመለስ ተነሱ። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ገና ሕፃን ነበርና አልቅሳ ለመነቻቸው፤ ልጄ እስኪያድግ መንግሥቱን አግዙኝ አለች። በተለይ የፈለገችው ፍሬምናጦስን ነበር። እሺ አሏት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግምጃ ቤቱ በእጁ ነው። ንጉሡ ሕፃን ነው። እናቲቱ ከእሱ ሌላ የምታምነው የላትም። ቂም ቢያወጣ ምክንያት ነበረው፣ ቢሰርቅ ጠያቂ አልነበረውም፣ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ቢይዝ የሚያስቆመው አልነበረም። ፍሬምናጦስ ግን ልጁ እስኪያድግ አገሩን ጠበቀለት። በሥልጣኑ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያን የሮም ነጋዴዎች ፈልጎ በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያበጁ ማገዝ ነው። ልዑሉ ለአቅመ ንግሥና ሲደርስ ፍሬምናጦስ የተረከበውን ሁሉ ቆጥሮ አስረከበና ፈቃድ ጠየቀ። እናትና ልጅ እንዲቀሩ ለመኗቸው፤ እነሱ ግን ሄዱ።

በእኛ ቋንቋ ይህ አማና ይባላል። አማናን መጠበቅ ከባድ የሚሆነው ማንም በማያይህ ጊዜ ነው፤ የበደለህ ሰው አደራ ሲሰጥህ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ሕፃን ንጉሥ ዒዛና ነው ይላሉ። ዒዛና በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ራሱን የእለ ዓሚዳ ልጅ ብሎ ይጠራል። የአገራችን ትውፊት ደግሞ የዘመኑን ነገሥታት አብርሃና አጽብሃ ይላቸዋል።

ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ፣ ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሰ። እዚያም ቄስ ሆነ፤ ለሩፊኖስ ታሪኩን የነገረው እሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። አክሱም ውስጥ ያሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንደሌላቸው ለማመልከት ወደ ግብፅ፣ ወደ እስክንድርያ አቀና። ያን ጊዜ እስክንድርያ በክርክር እየነደደች ነበር።

ክርክሩ ምን ነበር? ከ318 ገደማ ጀምሮ አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ አንድ ትምህርት ያስተምር ነበር። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በፊት የነበረ፣ ከሁሉም የሚበልጥ፣ ዓለምም በእሱ የተፈጠረ ነው፤ ሆኖም እሱ ራሱ በአብ የተፈጠረ ነው፣ ከአብም ጋር እኩል አይደለም ይል ነበር። የከተማዋ ጳጳስ እለ እስክንድሮስና ዲያቆኑ አትናቴዎስ ደግሞ ወልድ አልተፈጠረም፣ ከአብ ተወልዷል፣ በባሕርይም ከአብ ጋር አንድ ነው አሉ። እነሱ እንደሚያስረዱት አዳኙ ራሱ ፍጡር ከሆነ የክርስቲያኖች መዳን መሠረቱ ይናጋል። ሁለቱም ወገን አንድ መጽሐፍ ያነባል፣ አንድ ዓይነት ጥምቀት ያጠምቃል። ልዩነቱ ግን ከተማውን ከፈለ። አርዮስ ትምህርቱን በግጥም እንዳዘጋጀውና መርከበኞችና ወፍጮ ፈጪዎች ይዘምሩት እንደነበር ይነገራል።

ነገሩ ምን ያህል ሕዝብ ውስጥ እንደገባ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው የኒሳው ጎርጎርዮስ የሚባል ጳጳስ በምሬት የጻፈውን አስቡ። ቁስጥንጥንያ ውስጥ የዳቦ ዋጋ ብትጠይቅ ባለሱቁ ስለ አብና ወልድ መበላለጥ ይመልስልሃል ይላል። የዛሬው የኮሜንት ጦርነት አዲስ እንዳይመስላችሁ!

በ325 ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳቱን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በኒቅያ ሰበሰበ። ኦርቶዶክስ ጓደኞቻችሁ ሠለስቱ ምዕት ሲሉ የሰማችሁት እነዚህን ነው፤ በትውፊት ቁጥራቸው 318 ነው። ጉባኤው በአርዮስ ላይ ፈረደ፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚል የእምነት መግለጫም አወጣ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ግን ያለው በጣም ጥቂት ነበር፤ በሰፊው የተነገረው በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት እናርም፤ እኛው መንደር ውስጥ በብዛት ሼር ይደረጋሉና። አንደኛ፣ አርዮስ እንደ እኛ ያምን ነበር የሚለው ትክክል አይደለም። አርዮስ ወልድ ከዘመናት በፊት የነበረና ዓለም የተፈጠረበት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ የእኛ እምነት አይደለም። ሁለተኛ፣ የኒቅያ ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት መርጦ ሌላውን አቃጠለ የሚባለውም ውሸት ነው፤ ጉባኤው የተሰበሰበበት ጉዳይ ያ አልነበረም። ሙስሊም ስለ ሌላው ሲናገርም እውነት መናገር ግዴታው ነው።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ፤ ሥላሴን ያጸናው የንጉሥ ሰይፍ ብቻ ነው ይባላል። ታሪኩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ቆስጠንጢኖስ ራሱ ቆይቶ አርዮስን ከስደት መለሰው። በ328 የእስክንድርያ ጳጳስ የሆነውን አትናቴዎስን ደግሞ በ335 ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ወደ ትሪር አጋዘው። አርዮስ በ336 ሞተ፣ ቆስጠንጢኖስ በ337። ልጁ ቆንስታንቲዎስ ከአትናቴዎስ ተቃዋሚዎች ጋር ቆመ። አትናቴዎስ በ45 ዓመት የጵጵስና ዘመኑ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ 17 ዓመት ያህል ከመንበሩ ርቆ ኖረ። የመንግሥት ሰይፍ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይዞር ነበር፤ እምነት ግን በሰይፍ አልቆመም፣ በሰይፍም አልጠፋም።

እንግዲህ ፍሬምናጦስ አቤቱታውን ይዞ የቀረበው ለዚህ ሰው፣ ለአትናቴዎስ ነበር። አክሱም ክርስቲያኖች አሏት፣ ጳጳስ ላክላቸው አለው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ ነገሩን አሰበበትና ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው አላገኘም። ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾመውና መለሰው። ልጅ ሆኖ ተማርኮ የገባበትን አገር አሁን በገዛ ፈቃዱ ተመለሰበት።

ይህ ሹመት ትልቅ ለውጥ አመጣ። በዚያው ዘመን በሮም ሰሜናዊ ድንበር ወደ ጎቶች ኡልፊላስ የሚባል ጳጳስ ሄዶ ነበር። እሱን የሾመው የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው። ስለዚህ ጎቶች ለብዙ ትውልድ ወደ አርዮስ ያደላውን ክርስትና ያዙ፣ አክሱም ደግሞ የአትናቴዎስን። ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት መልእክተኛ፣ አንድ ዘመን።

አክሱም ውስጥ ምን እንደሆነ ድንጋዩና ሳንቲሙ ይናገራል። የዒዛና የቀድሞ ሳንቲሞች ላይ የጨረቃ ማጭድና ክብ ምልክት አለ። ይህን ያየ አንዳንድ ወጣት የእስልምና ጨረቃ ይመስለዋል፤ አይደለም። እስልምና ከመምጣቱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በፊት የነበረ የጥንቱ አምልኮ ምልክት ነው። የኋለኞቹ ሳንቲሞች ላይ በቦታው መስቀል ገባ። ጽሑፎቹም እንዲሁ ናቸው። ቀድሞ ራሱን ማሕረም የሚባለው አምላክ ልጅ ይል ነበር። በኋላ በግዕዝ ያስጻፈው ድንጋይ የሰማይ ጌታን ብቻ ያነሳል። በግሪክኛ ያስጻፈው ሌላ ድንጋይ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግዕዙ ልዩ ልዩ እምነት ላለው ለአገሩ ሰው፣ ግሪክኛው ለውጭው ዓለም የተነገረ ነው ይላሉ።

ሌላም የዚያ ዘመን ቅርስ አለ። የግዕዝ ፊደል ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ድምፁን መለየት የጀመረው በዒዛና ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ሥራ ለፍሬምናጦስ ይሰጣል። ይህን የጁሙዓ ጽሑፍ የምታነቡበትም ፊደል ያው ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። የካቲት 356 ላይ፣ በሌሊት፣ የቆንስታንቲዎስ ወታደሮች አትናቴዎስ ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ከበቡ። አትናቴዎስ አምልጦ በረሃ ገባ፤ የግብፅ መነኮሳት ለዓመታት ሸሸጉት። በቦታው የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ የሚባል ሰው በወታደር ታጅቦ መጣ። ክርስቲያን ጓደኞቻችሁ የሚያከብሩት ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ሌላ ሰው ነው፤ አታምታቱ።

ከዚያ በኋላ ቆንስታንቲዎስ ለአክሱም ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና። የደብዳቤው ቃል ዛሬም አለ። አትናቴዎስ ራሱን ለመከላከል በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል።

ደብዳቤው ነገሥታቱን እንደ ወንድም እያከበረ ይጀምርና ትእዛዝ ያስከትላል። የሮምና የአክሱም እምነት አንድ መሆን አለበት ይላል። ፍሬምናጦስ በቶሎ ወደ ግብፅ ይላክ፣ በጊዮርጊስና በጳጳሳቱ ፊት ቀርቦ ስለ እምነቱ ይመርመር፣ ሹመቱም ይታይ ይላል። የሾመው አትናቴዎስ ጥፋተኛ ነውና። ፍሬምናጦስ ከቀረ ወይም ካመነታ የአትናቴዎስ ወገን መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። አትናቴዎስ ራሱ ወደ አክሱም ሸሽቶ ሕዝባችሁን እንዳያበላሽም ተጠንቀቁ ብሎ ያስፈራል።

ላኪው ማን እንደሆነ እናስታውስ። ቆንስታንቲዎስ በዚያን ጊዜ ከብሪታንያ እስከ ሶርያ ያለውን ምድር ለብቻው ይገዛ ነበር። የአክሱም የዝሆን ጥርስ ከአዱሊስ ተጭኖ የሚሄደው ወደ እሱ ወደቦች ነው። የሚጠይቀውም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ብቻ። ጦር አልጠየቀ፣ ግብር አልጠየቀ። አንድ ሰው መርከብ ላይ አሳፍሮ መላክ፣ ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱ ይቀጥላል። ዒዛና የሚያስብበት ሰበብ ሁሉ ተዘጋጅቶለት ነበር። ነገሩ የካህናት ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ማለት ይችል ነበር።

ግን ያ ሰው ማን ነበር? ሕፃን ሳለ መንግሥቱን የጠበቀለት፣ ግምጃ ቤቱን ቆጥሮ ያስረከበው ሰው ነው።

የአክሱም መልስ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ከሆነው ነገር ነው። ፍሬምናጦስ በጊዮርጊስ ፊት ቀረበ የሚል አንድም ጽሑፍ የለም። አክሱም ከአትናቴዎስ ወገን ሳትወጣ ቀረች። ቆንስታንቲዎስ በ361 በበሽታ ሞተ፣ ጊዮርጊስንም በዚያው ዓመት የእስክንድርያ ሕዝብ ተነስቶ ገደለው። አትናቴዎስ በ362 ወደ መንበሩ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ የዘረጋው መስመር ግን አልተቆረጠም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ1959 የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ለ1,600 ዓመት ያህል ከእስክንድርያ መንበር ጋር ተሳስራ ኖረች። የበረታው ንጉሥ ደብዳቤ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ የታመነው ሰው ስም ግን ዛሬም ይጠራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አሁን ወደ 260 ዓመት ያህል እንለፍና 615 ላይ እንድረስ።

በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የደረሱት እዚያው መንግሥት ዘንድ ነው፤ ዙፋኑ ላይ ያሉት ነጃሺ ነበሩ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን በስጦታ ላኩ፤ መካ የምትታወቅበትን ምርጥ ቆዳ ይዘው መጡ። ስጦታውን መጀመሪያ ለሹማምንቱ አደሉ። ልመናቸውም ያው የድሮው ነበር፤ እነዚህን ሰዎች አሳልፋችሁ ስጡን። ነጃሺ ሳልሰማቸው አልሰጥም አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነስቶ ተናገረ፣ ከሱረቱ መርየምም ቀራ። ነጃሺ አለቀሱ።

ዐምር ግን ተስፋ አልቆረጠም። በማግስቱ ሌላ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ የሚሉት እናንተ ከምትሉት ይለያል፣ ጠይቋቸው አለ። አያችሁ? ቆንስታንቲዎስ የተጠቀመበት መሣሪያ ነው። የእምነት ልዩነትን ጠቅሶ እንግዳን ማስረከብ። ጥያቄውም የቀድሞው ጥያቄ ነው፤ ዒሳ ማን ነው? በዚህ ጥያቄ ጳጳሳት ተሰደዋል፣ ከተሞች ነደዋል። አሁን ደግሞ የስደተኞቹ ሕይወት በመልሱ ላይ ተንጠለጠለ።

ጃዕፈር አልዋሸም፣ አላለሳለሰም። የሚያምነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። በዙሪያው ያሉት አንጎራጎሩ። ነጃሺ ግን ለስደተኞቹ በአገራቸው ላይ ሙሉ ደኅንነት ሰጡ፣ ስጦታውንም መለሱ። ኋላም በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱባቸው።

ታሪኩ እዚህም አያበቃም። ያ በነጃሺ ፊት እንግዳ አስረክቡኝ ብሎ የቆመው ዐምር ኋላ ሰለመ። በ641 እስክንድርያ፣ ያቺ የአትናቴዎስ ከተማ፣ በእሱ ለሚመራው ጦር እጇን ሰጠች። በዚያን ጊዜ የግብፆች ፓትርያርክ ብንያሚን ተደብቆ ይኖር ነበር። ከማን? ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሳው በሌላው ክርክር ምክንያት ከሚያሳድዱት ከራሱ ከክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት ሰዎች። ዐምር አማን ሰጠው። ብንያሚን ከ13 ዓመት ስደት በኋላ ወጥቶ ፍሬምናጦስ ከተላከበት መንበር ላይ ተቀመጠ። አሳልፋችሁ ስጡን ይል የነበረው ሰው አሁን አስጠጊ ሆነ። ሱብሓነላህ!

እንግዲህ ወደ ዶርማችን እንመለስ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም እምነታቸውን አልሸጡም። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደበት። ጃዕፈር ሕይወቱ በንጉሥ እጅ ሳለ አልደበቀውም። የእምነት ልዩነት እውነተኛ ነው፤ የለም ብለን ብንስቅ ራሳችንን እናታልላለን። ስለዚህ ስትጠየቁ እንደ ጃዕፈር በግልጽና በአደብ መልሱ፤ ጓደኛችሁም ሲመልስ ነጃሺ እንዳደመጡት አዳምጡ። ያላጣራችሁትን ሼር አታድርጉ።

ከዚያ በላይ ግን ሌላ ፈተና አለ። አንድ ቀን አንድ ኃይለኛ ሰው፣ ወይም የተቆጣ ብዙ ሰው፣ ስለ ጎረቤታችሁ ወይም ስለ ክፍል ጓደኛችሁ ይመጣባችሁ ይሆናል። ቋንቋው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እምነቱ ከእናንተ ይለያል፣ ምን አገባችሁ፣ ስጡን። ያን ጊዜ የምትሰጡት መልስ በክርክር ላይ ከምትሰጡት መልስ ሁሉ ይበልጣል። ይህች አገር ቢያንስ ሁለት ጊዜ አልሰጥም ብላለች፤ አንዴ ለክርስቲያኑ ጳጳስ፣ አንዴ ለእኛ አባቶችና እናቶች።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ በእምነታቸው ምክንያት ተሰደው ዋሻ የተጠጉትን ወጣቶች አስቡ። መጠጊያ የሚያስፈልገው ሰው ሁልጊዜ በአቅራቢያችን አለ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት፣ እውነትን ከሚናገሩት፣ የተጠጋቸውንም አሳልፈው ከማይሰጡት ያድርገን። በነብያችን ላይ ሶለዋት አብዙ። አሚን።